ለምክር ቤት ከመወዳደርሽ በፊት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ወንበር አስጠላኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ስጽፍ ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ ልቀመጥ? አይሆንም አልኩ። ጓሮዬን እየኮተኮትኩ፣ አጥር እያጠበቅኩ መዋል ጀመርኩ። አንድ ቀን እንዲሁ ጎመኔ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ የእህቴ የከድጃ ልጅ ዘይነባ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣

«አክስቴ፣ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው» አለችኝ።

ቀና ስል ወገቤ ቀጭ አለ። «ማን መክሮሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የወሰንኩት። አንቺ እዚያ ቤት ነው ያረጀሽው። ማወቅ ያለብኝን ሁሉ ንገሪኝ።»

ያረጀሽው ማለቷ ትንሽ ከነከነኝ። እውነቷን ስለሆነ ግን ዋጥኩት። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ስለ ከተማችን ሽማግሌዎች በተነሳ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ቂም እንዳላት አውቃለሁ፤ ከምን እንደመጣም አውቃለሁ። ቂም ይዞ ምክር ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ አይቻለሁ፣ አያምርበትም። ስለዚህ ያን ቀን ዶማዬን ጣልኩና፣ «ቁጭ በይ፤ የምነግርሽን ከሰማሽ በኋላም መወዳደር ካማረሽ ያኔ እኔም እከተልሻለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ሌላም የሚያስብ ካለ ይጠቅመው ይሆናል። ካልጠቀመውም እኔ ተንፍሻለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ከተማ ነው፣ በታይፒስትነት። የዚያን ጊዜ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ጣቶቼ ከአፌ ይፈጥናሉ፣ አፌም ቢሆን ሰነፍ አልነበረም። ማመልከቻ ማስጻፍ የሚፈልግ ዓሣ አስጋሪ፣ ባለሱቅ፣ ገበሬ ሁሉ ይመጣል። ብዙዎቹ ከታይፕ መምቻው ፊት ቆመው በቃላቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እመታለሁ። ሰው ችግሩን ሲናገር ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚያወጣው የተማርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ቀጥሎ ስለ ልጁ፣ ወረቀቱን ልታወጪለት ስትይ «ብቻ ያ ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋኝ» ይላል። ስንቱን ወረቀት ቀድጄ እንደገና እንደመታሁ! በኋላ ግን ብልጥ ሆንኩና «ብቻ» እስኪል ድረስ ቁልፉን መንካት ተውኩ።

ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አምባሰል በኩል ተዛወርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። የማወራባቸው ሰዎች በሕይወት አሉ፣ ገበያም እንገናኛለን። ከዋናው መንገድ ዳር ያለች፣ የግሸን ንግሥ ሲደርስ በአውቶቡስ የምትጨናነቅ፣ በቀረው ጊዜ በባጃጅ ጡሩንባ ብቻ የምትነቃ ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ጉባኤ ይጠራል፣ አጀንዳ ይበተናል፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ደሞዙ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ደሞዝ ነው፤ ስለ እሱ ባወራ ራሴን ያመኛል።

ዘይነባን መጀመሪያ የነገርኳት ይህንን ነው። «የምክር ቤት አባል ማለት አለቃ ማለት አይደለም። ቢሮ የለሽም፣ መኪና የለሽም። ስትመረጪ እንጀራሽን ከምትበይበት ሥራ ሳትወጪ ነው የምታገለግዪው። የሚያሠራው ከንቲባው ነው። አንቺ የምትጠይቂ፣ በጀት የምታጸድቂ፣ ትክክል ካልሆነ ደግሞ እጅሽን የማታወጪ ነሽ። ሰዉ ግን ይህንን አያውቅልሽም። መብራት ሲጠፋ አንቺ ቤት ይመጣል፤ ልጁ ከባለቤቱ ሲጣላ አንቺ ቤት ይመጣል።»

«ይምጣ!» አለች፣ እጇን እያወናጨፈች። «በሬ ክፍት ነው።»

«እሱን የምናየው ስትመረጪ ነው» አልኳት።

እዚያ ቤት ብዙ አለቃ ተፈራረቀብኝ። አንዱ ባነር ወዳድ ነበር፤ ስብሰባው ሁለት ሰው ቢኖረውም ባነሩ ግድግዳውን ይሸፍናል። ሌላው ራሱ ተናግሮ ራሱ ያጨበጭባል። አባላቱም የዚያን ዘመን ከላይ ታጭተው የሚመጡ ስለነበሩ እጅ ማውጣት እንጂ እጅ መከልከል አያውቁም። ሥራ ያስተማረኝ ግን አፈ ጉባኤያችን አቶ በላይ ነው። ክርስቲያን፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ የሚሰፋው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ነፍሱን ይማር።

በላይ «እናያለን» የሚባል ቃል አይወድም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ለባለጉዳይ «እናያለን» ሲል ከሰማ ከክፍሉ ብቅ ይላል። «ምንህን ነው የምታየው? ዓይንህ ደህና ነው ወይ?» ይለዋል። አንድም እሺ በል፣ አንድም አይሆንም በል፣ አንድም መልሱን የምትሰጥበትን ቀን ንገር፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ቀኑ ሲደርስ መልስ ባይኖረው እንኳ ሄዶ «መልስ የለኝም» ይላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ሰውዬ ትርፍ ጊዜ አለው እንዴ እያልኩ እስቅበት ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ እምቢታ የሚያደርስበት መንገድ ነው። እሺታን በደብዳቤ ይልካል፤ እምቢታን ግን በእግሩ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ሱቃቸውን ወደ መተላለፊያው ለማስፋት ያመለከቱ ሐጂ ነበሩ፤ ከተማው የሚያከብራቸው፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ምክር ቤቱ አይሆንም አለ። በላይ እኔን አስከትሎ ሱቃቸው ድረስ ሄደ። «ሐጂ፣ ጉዳይዎ አልሆነም። መንገዱ የሰው መተላለፊያ ስለሆነ ነው። ይህንን ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አላቸው። ሐጂ ተነሱ፤ ወላሂ ያልተናገሩት የለም። አባቱን፣ ኮቱን፣ ወንበሩን፣ መንግሥቱን፣ ሁሉን አዳረሱት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እግሬን ነቅዬ ልሮጥ ነው። በላይ ግን ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሲደክማቸው ውኃ ጠየቃቸው። ሰጡት፣ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወጣን።

«ምን ያስቀምጥሃል እየተሰደብክ?» አልኩት መንገድ ላይ።

«ስድቡ ሳያልቅ ከተነሳሁ የቀረውን ለሌላ ሰው ነው የሚናገረው» አለኝ። «ሌላው ሰው ደግሞ ምክንያቱን አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።»

ሐጂ ለብዙ ጊዜ አኮረፉት። ነገር ግን ከበላይ ውጭ ከሌላ የምክር ቤት ሰው ጋር ጉዳይ አላወሩም። እምቢ ያላቸው እሱ፣ የሚያምኑትም እሱ። ይህንን ለዘይነባ ስነግራት፣ «እኔ ስድብ አልችልም አክስቴ፤ እመልሳለሁ» አለች። «አውቃለሁ፣ የከድጃ ልጅ አይደለሽ!» አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ካየሁ ሰንብቼ ነበርና ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ቂሟ ልምጣ።

ለውጡ የመጣ ጊዜ ከተማችን እንደ ሌላው አገር ሁሉ ተነቃቃች። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆነ። አፍ አውጥቶ የማያውቅ ሁሉ ማይክ ይቀማል። የድሮዎቹ አባላት አንዳንዶቹ ለቀቁ፤ የጎደለው መቀመጫ ሲሟላ ከገቡት አንዱ መምህር ጀማል ነበር። ሒሳብ አስተማሪ፣ ጨዋ፣ እጁ ንጹሕ፣ ሥራ ወዳድ ልጅ። ከአንጀቴ ነው የምወደው። የወጣቱ ሥራ ማጣት እንቅልፍ ነሣውና ሮጦ ሮጦ ለወጣቶች የሥራ ሼድ የሚሆን በጀት አስፈቀደ። ለልብስ ስፌት፣ ለብየዳ፣ ለእንጨት ሥራ። ወጣቶቹ በቡድን ተደራጁ። ዘይነባ በስፌቱ ቡድን ውስጥ ነበረች። ያን ሰሞን ቤት ለቤት እየዞረች አሮጌ ቀሚስ ትለምናለች፤ እየፈታች እየሰፋች ልትለማመድበት። የእኔንም አንድ ጥሩ ቀሚስ ቀዳ አበላሽታብኛለች።

የቀረው ቦታ ነው። ጀማል የመረጠው የድንኳን ሜዳን ነው።

ይህ ሜዳ ላላየው ሰው ባዶ መሬት ነው። ከብት ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለእኛ ግን የቅሬው ቦታ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው ያለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ነው፤ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ሰደቃ የሚበላው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። ጀማል ይህን አያውቅም አይባልም፣ እዚሁ ነው ያደገው። ግን ሰዉን ሰብስቦ አስፈቅዳለሁ ብሎ አሰበ። ማሰቡስ ደግ ነበር።

ስብሰባው በሜዳው ላይ ተጠራ። ሰው ጎረፈ። ጀማል ስለ ሼዱ አስረዳ፣ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ከዚያ «ጥያቄ አለ?» ከማለቱ በፊት ወደ ሸኽ ይመር ዞሮ፣ «አባባ፣ ሼዱን ይመርቁልን» አላቸው። ሸኹ የቅሬው ትልቅ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ልጆቻችንን ሥራ ይስጣቸው!» ሰዉ ሁሉ፣ «አሚን!» «ከስደት ይመልሳቸው!» «አሚን!» «በዚህ ሜዳ የሚቆመውን ቤት የረድኤት ቤት ያድርገው!» «አሚን!» ሜዳው አስተጋባ። ጀማል በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

እኔና ጀማል ቃለ ጉባኤውን ይዘን ስንመለስ በላይ ቢሮው ቁጭ ብሏል፤ ያን ቀን አሞት ነበር፣ ስኳር አለበት።

«እንዴት ሆነ?» አለ።

«ያለ ምንም ተቃውሞ!» አለ ጀማል። «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ነው የተቀበለው።»

«ማን ተቃወመ?»

«ማንም አልኩህ እኮ ጋሼ በላይ።»

«ማንም ካልተቃወመ ገና አልጠየቅካቸውም» አለ በላይ። «ዱዓ ላይ እምቢ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ነገ ቤት ለቤት ዙር። ሴቶቹን ጠይቅ። ሸኹን ራሳቸውን ለብቻቸው ጠይቅ።»

ጀማል በጀቱ ጊዜ ያልፍበታል ብሎ ተጨነቀ። ደግሞም ተቀየመ፤ በላይ በቀና ልብ የተናገረው መስሎ አልታየውም። አልዞረም።

ለመወዳደር የሚያስብ ሰው፣ በተለይ ከሌላ ቦታ ተምሮ የመጣ፣ እዚህች ላይ ቆም ይበል። በእኛ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አሚን የማይል የለም። መንገደኛም ይላል፣ ባላጋራም ይላል፤ ምርቃት አይነፈግማ! ያ ሰው ሐሳቡን የሚናገረው ስብሰባው ሲበተን ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ሲሄድ። ስለዚህ የምክር ቤት ሰው ከሆንሽ ስብሰባው ሲያልቅ ባጃጅ አትሳፈሪ። ከሰዉ ጋር በእግርሽ ሂጂ። እውነተኛው ስብሰባ መንገድ ላይ ነው። በላይ ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር እየተንቀረፈፈ የሚሄደው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

መሠረቱ ተቆፈረ። በዚያው ሳምንት የከተማችን አንዲት ትልቅ ሴት ሞቱ። ቅሬው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ። ሜዳው በቦይ ተቆራርጧል። ማንም አልጮኸም፤ እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። ድንኳኑን በተረፈው ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ምንም አቆሙት። ለቀስተኛው ቦዩን እየዘለለ ገባ። የሟቿ እህት፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት፣ እየተመሩ ሲመጡ እግራቸው ከዳቸውና ቦዩ ውስጥ ወደቁ።  ካወጧቸው በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ነጠላቸውን አሸርጠው፣ የተቆለለውን አፈር በእጃቸው፣ በቅርጫት፣ በልብሳቸው እየታቀፉ ቦዩን መሙላት ጀመሩ። ወንዶቹ ተከተሉ። ከፊት የነበረችው እህቴ ከድጃ ናት።

ጀማል ሮጦ ደረሰ። «እናቶቼ፣ ተስማምተን አልነበረም ወይ?» አለ።

ከድጃ አፈሩን እንደታቀፈች ዞረች። «መቼ ጠየቅከን?» አለችው። አፈሩንም ቦዩ ውስጥ ደፋችው።

በጀቱ ተመለሰ። ቡድኖቹ ፈረሱ። ጀማል አባልነቱን ለቆ ወደ ማስተማሩ ገባ፤ ዛሬም ባየው ቁጥር ያሳዝነኛል። ወጣቶቹም ተበተኑ፤ ዘይነባ ጅዳ ሄደች፣ ሰው ቤት ልትሠራ። ስትሄድ ልትሰናበተኝ መጥታ፣ «እናቴ በገዛ እጇ ቀበረችኝ» አለችኝ። ተናደድኩባት። ቆይቶ ግን አለቀስኩላት። ልጅቷም እውነት አላት፣ እናቷም እውነት አላት። ሁለቱም እውነት ሲኖራቸው ሥራው የምክር ቤት ነበር፤ ምክር ቤቱ ነው ያላየው።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ተፈናቃዩ ከላይ በኩል ጎረፈ፤ እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌ ፍየሉን እየጎተተ። የት ይረፉ? ድንኳን ሜዳ! የቅሬው ድንኳን፣ የቅሬው ድስት፣ የቅሬው ምንጣፍ ሁሉ ወጣ። ያ ሜዳ ሼድ ቆሞበት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ነፍስ የት እንደምናደርገው አላውቅም። ይህን ስል ጀማል ላይ ልፈርድ አይደለም። ሼዱ ኖሮ ቢሆን ደግሞ የእህቴ ልጅ በሰው አገር ባልተንከራተተች።

ከዚያ ከተማዋ ራሷ ተያዘች። ኃላፊው ሁሉ ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ፤ መቼም ሕይወት ነው፣ አልወቅስም። በላይ አልሄደም። «እግሬ አያደርሰኝም» አለ፤ እኔ ግን ሌላም ምክንያት እንደነበረው አውቃለሁ። ጽሕፈት ቤታችን ተሰበረ፤ ወንበሩ ለማገዶ ሆነ፣ ወረቀቱ በየመንገዱ ተበተነ። በላይና ሸኽ ይመር ግን በየቀኑ ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። ማን ዱቄት አለው፣ ማን የለውም፣ ማን ታሟል፣ የማን ሬሳ አልተነሳም፣ ይህንን ይከፋፈላሉ። መብራት የለም፣ ወፍጮ ቆሟል። ሴቱ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፤ ማን ለማን እንደሚፈጭ የሚደለድሉት እነሱ ናቸው። እኔም አብሬያቸው እዞር ነበር። ማኅተም የለን፣ አዳራሽ የለን፤ ከዚያ በፊት ግን እንደዚያ ያለ ምክር ቤት አላየሁም።

የበላይ መድኃኒት አለቀ። ፋርማሲው ተዘርፏል፣ መንገዱ ዝግ ነው። ሰዉ ያለውን ሁሉ ሞከረ፤ ከድጃ እንኳ በእግሯ ገጠር ድረስ ሄዳ ጠየቀች፣ አልተገኘም። አንድ ጠዋት ልጠይቀው ስገባ አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ሰዓዳ፣ ለእነዚያ ለላይኛው ሰፈር ሰዎች ዱቄቱ ሐሙስ ይደርሳል ብያቸዋለሁ። አልደረሰም። ሄደሽ እንዳልደረሰ ንገሪያቸው» አለኝ። ሄድኩ፣ ነገርኳቸው። ስመለስ አርፏል። ቄሱም ሸኹም ቆመው ቀበርነው። አለቃዬ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ ነበር። 

ከጦርነቱ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ እንደገና ተከፈተ፤ ወንበር ተለቅሞ፣ ጣሪያው ተደፍኖ። እኔም ዕድሜዬ እስኪሞላ ሠርቼ ወጣሁ። ዘይነባም ተመለሰች። አሁን የአካባቢ ምርጫ ይደረጋል የሚል ወሬ አለ፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እሷ ግን በግል ልትቀርብ ቆርጣለች። የግል ዕጩ ደግሞ መጀመሪያ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። የመንግሥቱ ቅጽ ከመድረሱ በፊት በባዶ ወረቀትም ቢሆን ፊርማ እየጠየቅሁ ሰፈሬን ልፈትን አለች።

«ስትመረጪ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሼዱን አቆማለሁ።»

«የት?»

ዓይኗን ወደ ጎመኔ መለሰች። እኔም አልረዳኋትም። «ለማን ልትሠሪ ነው የምትገቢው? ካንቺ ጋር ለተሰደዱት ብቻ ከሆነ አትግቢ። እዚያ ቤት ስትገቢ ቦዩን የሞሉት ሴቶችም ያንቺው ናቸው። እናትሽን ለመርታት ከሆነ የምትወዳደሪው፣ ቤታችሁ ውስጥ ተጣሉ፤ ከተማውን አታስቸግሩ!» አልኳት። ቁጣዬ ከልኩ በላይ ሆነ። ተነስታ ሄደች፤ ለብዙ ቀን አልመጣችም። ቀረች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። ለካ በእነዚያ ቀናት ውኃ ቦኖው ላይ ከሴቶቹ ጋር ስትሰለፍ ሰንብታለች፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስትዞር ሰንብታለች። «በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ድንኳን ተተክሎበት አያውቅም» አለችኝ። «እሱ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ቅሬው ሲሰበሰብ ልጠይቃቸው ነው።»

«አብሽሪ» አልኳት። «ምርቃቱ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን።»

ቅሬው በተሰበሰበ ዕለት የፊርማ ወረቀቷንና እስኪብርቶዋን ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከድጃ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ልጇ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ስለ ሜዳው ተነጋግረው አያውቁም፤ በአንድ ቤት እየኖሩ ዙሪያውን ይዞሩታል። ሸኽ ይመር አርጅተዋል፤ እንደ ልማዳቸው ለምርቃት እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ዘይነባ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ነካች። «አባባ፣ ዱዓውን ስንጨርስ ያድርጉልኝ። አሁን እምቢ የሚለኝ ሰው ነው የምፈልገው» አለቻቸው። ሽማግሌው ገርሟቸው እጃቸውን መለሱ።

ቆመች። «እኔን ታውቁኛላችሁ። ስፌቱ ሲፈርስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቂም ይዤባችሁ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አሁን ለምክር ቤት ልወዳደር ነው። ብመረጥ በዚህ ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ለወጣቱ ሼድ እንዲሠራ እጠይቃለሁ። ድንኳን የሚተከልበትን አልነካም። ይህ ሐሳቤ ነው። የማትፈልጉ አሁን ንገሩኝ።»

ሰዉ ተያየ። በዚያ ሜዳ ላይ እንደዚያ ተጠይቆ አያውቅም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተወ።  ይህች ልጅ ዝምታን እንደ እሺታ ወስዳ ብትቀመጥ አለቀላት አልኩ። አልተቀመጠችም። ቆማ ጠበቀች።

«እኔ እምቢ» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ።

ከድጃ ናት። ተነሳች። «ዛሬ ጠርዙ ነው፤ ነገ ጠርዙ ይሰፋል። የተፈናቀለው ሰው የት እንዳደረ አንቺ አላየሽም፤ ጅዳ ነበርሽ። በላይን የሸኘነው እዚህ ነው። ልጄ ነሽ፤ ግን አልፈርምልሽም።»

ዘይነባ ፊቷ ቀላ። ትመልሳለች ብዬ ተሳቀቅሁ፤ የከድጃ ልጅ አይደለች! አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከእናቷ ቀጥሎ ሌላም ሴት እምቢ አለች፣ አንድ ሽማግሌም እምቢ አሉ። ሌሎች ደግሞ «ኧረ ልጆቹም ይሥሩ!» እያሉ ተነሱ። ሜዳው ተንጫጫ። እኔ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ከሐዘን አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ያልሰማሁትን ነበር የምሰማው።

ጫጫታው ሲበርድ ዘይነባ ወደ እናቷ ሄደች። «አትፈርሚልኝ እማ። ብመረጥ ግን ያንቺም ተመራጭ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን እምቢታዬን ምን ልታደርጊው ነው?» አለች ከድጃ። «እዚያ ቤት ስትገቢ ትውጪዋለሽ?»

«የለም። ከራሴ ሐሳብ አስቀድሜ እሱን እናገራለሁ። ያልሽውን ሁሉ፣ በስምሽ። ከዚያ በኋላ ነው የራሴን የምለው። ካሸነፈኝም ያሸንፈኝ።»

ከድጃ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልጇን ያየቻት አልመሰለኝም፤ እንግዳ ሰው የምትመረምር ነበር የሚመስለው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው እስኪብርቶውን» አለች። «ሜዳው ላይ ግን እምቢ እንዳልኩ ነኝ።»